የአባታችን ቤት የክፈፍ ጣውላ በስብሷል፤ ልለውጠው፣ ልጠግነው ወይስ ላሜራ ላልብሰው?

የበሬሳ ልጅ (የካቲት 4)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አባታችን በ1958 ዓ.ም ያሠሩት ቤት አለን። ግድግዳው በጥድ ቋሚ ቆሞ በጭቃ የተመረገ ሲሆን፣ ከ20 ዓመት በፊት ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በክፈፉ ዙሪያ የተመታው፣ አናጺዎች ፋሻ የሚሉት ጣውላ፣ የታችኛው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተቆረጠ ያጌጠ ነው። ልጆች ሳለን ከጥርሶቹ ጫፍ የሚወርደውን ጠፈጠፍ በቆርቆሮ ጣሳ እየተቀበልን ማን ቀድሞ እንደሚሞላ እንወራረድ ነበር።

አሁን ያ ጣውላ ቀለሙ ተላልጦ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ጥርሱ በብዙ ቦታ ረግፏል። በአራቱ መስኮቶች ዙሪያ ያለው፣ በመቃኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው ቀጭን ጣውላም ከታች በኩል ጠቁሯል። ቤቱን ዙሪያውን ስለካው ክፈፉ 32 ሜትር ሆነ፤ ጣውላው 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው።

ሁለት ባለሙያ አማክሬ ሁለት የተለያየ መልስ አግኝቻለሁ። አንደኛው አሮጌው ሳይነቀል ላዩን በላሜራ ማልበስ እንደሚበቃ ሲነግረኝ፣ ሁለተኛው ሁሉም ተነቅሎ በአዲስ ባሕር ዛፍ ይተካ ብሏል። እናታችን ደግሞ ጥርሱ እንዲጠፋ አይፈልጉም። ክረምት ሳይገባ መጨረስ ስለምፈልግ፣ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መሮና መዶሻ (የካቲት 4)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ወደ እንጨት መሸጫ አይሂዱ። መሰላል ያቁሙና ወስፌ ይዘው ይውጡ።

ወስፌውን በየ30 ሴንቲሜትሩ ጣውላው ላይ ጫን እያደረጉ ይፈትሹ። ጤነኛ እንጨት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ካስገባ በኋላ ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ግን ያለ ጉልበት ያስገባል። ቀለሙ ያማረ የሚመስለውን ቦታ ጭምር ይውጉት፤ የዘይት ቀለም ከውስጡ ባዶ የሆነ ጣውላ ላይ ለዓመታት ቆዳ ሆኖ ሊቆም ይችላል። ወስፌውን አስገብተው ሲፈለቅቁት ስንጥሩ ረጅም ሆኖ ከተነሣ እንጨቱ ደኅና ነው፤ አጭር ሆኖ እንደ ደረቅ ዳቦ ከተቆረሰ አልቆለታል።

ከዚያ የበሰበሰውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ያክብቡና ወርደው ከሩቅ ይመልከቱት። መበስበስ እንዲሁ በየቦታው የሚወድቅ ዕጣ አይደለም። እንጨትን የሚበላው ሻጋታ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ መኖር አይችልም። ስለዚህ ጠመኔ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ውኃ ገብቶ መውጫ ያጣበት ቦታ ነው ማለት ነው። ያንን ቦታ ሳያውቁ አዲስ ጣውላ ቢመቱ፣ ለዚያው ውኃ አዲስ ቀለብ ሰፈሩለት።

ውጤቱን ይንገሩን፤ ስለ እንጨቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ጣርማበር ላይ (የካቲት 5)

ስለ ላሜራው የደረሰብኝን ልንገርዎት። እኛ ዘንድ ጉሙ ከክረምት እስከ ክረምት ከደጅ አይጠፋም። የዛሬ አምስት ዓመት የእኔም ፋሻ መላቀቅ ሲጀምር፣ አንድ ባለሙያ አሮጌው ጣውላ ላይ ላሜራ አጥፎ፣ በሚስማር መትቶ፣ ጠርዙን ሁሉ በሲሊኮን ደፍኖ ሄደ። ለዓይን ያማረ ሥራ ነበር፤ ጎረቤቶቼ እየመጡ እስከ ማየት ደርሰዋል። በሦስተኛው ክረምት አንደኛው ማዕዘን ወደ ታች ዘመመና ሚስማሩን ይዞ ወረደ። ላሜራውን ገልጬ ባየው ጣውላው እንደ ሱረት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። የከፋው ግን ጣውላው የተመታበት የወራጁ ጫፍ አብሮ መበስበሱ ነበር፤ በአንድ ፋሻ የጀመርኩት ሥራ ስድስት ወራጅ በመቀጠል አለቀ።

ቆርቆሮ አጣፊው (የካቲት 5)

የጣርማበሩ ወንድሜ ጉዳት ያሳዝናል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የላሜራ አይደለም፣ የአገጣጠሙ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ስለምተዳደር ለራሴ የማደላ ሊመስል ይችላል፤ ቢሆንም እውነቱን ልናገር። ላሜራ ደረቅና ጤነኛ እንጨት ላይ፣ በመሐላቸው አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቶ፣ የታችኛው ጠርዙ ሳይደፈን ሲመታ ረጅም ዕድሜ አለው። ሌሊቱ ሲበርድ ከላሜራው ጀርባ ላብ ይይዛል፤ ያ ላብ ጠዋት ወርዶ የሚፈስበት ቀዳዳ ካጣ ወደ እንጨቱ ይገባል። ታችኛውን ጠርዝ በሲሊኮን የደፈነው ሰው ጠርሙስ ከድኖ ነው የሄደው። የበሰበሰ እንጨት ላይ ላሜራ አልብስልኝ የሚለኝን ደንበኛ እኔ እመልሰዋለሁ።

የበሬሳ ልጅ (የካቲት 9)

እንደታዘዝኩት ወስፌ ይዤ ወጣሁ። ከጠበቅኩት በታች ነው የበሰበሰው፤ ከ32 ሜትሩ ውስጥ የተከበበው ሲደመር 11 ሜትር ገደማ ሆነ። የምሥራቁና የሰሜኑ ጎን ቀለሙ ቢላላጥም ወስፌውን ይመልሰዋል።

የተከበቡትን ቦታዎች ከግቢው በር ሆኜ ስመለከታቸው ሦስት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ሁለት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ በተጋጠመበት ቦታ ሁሉ፣ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ አንድ ክንድ ያህል በስብሷል። ሁለተኛ፣ በምዕራብ በኩል የቆርቆሮው ጠርዝ ከጣውላው ፊት ጋር እኩል ሆኖ ስለተቆረጠ፣ ውኃው አሸንዳ ውስጥ ሳይወድቅ በቆርቆሮው ሆድ ተጠምዝዞ በጣውላው ላይ ይወርዳል፤ የቆሸሸው መስመር እስካሁን ይታያል። ሦስተኛ፣ ጥርሶቹ ከላይ ያለው አካላቸው ደኅና ሆኖ ሳለ ጫፋቸው ብቻ ነው የሚረግፈው። ይህ የሆነበትን ምክንያት ግን አላወቅኩም።

የመስኮቶቹ ሽፋን ጣውላ የታችኛው ጫፉ በሲሚንቶው ልስን ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ተቀብሯል። የጠቆረው ያ ቦታ ነው።

መሮና መዶሻ (የካቲት 10)

ግማሹን ሥራ ጨርሰውታል። ያስተዋሏቸው ነገሮች በሙሉ አንድ ናቸው።

እንጨት ማለት የቱቦ እስር ነው። ዛፉ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ ውኃ ያሳለፈበት መንገድ ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በጎኑ ከሚጠጣው ይልቅ በተቆረጠው አፉ የሚጠጣው እጅግ ይበልጣል። ጣውላ ጫፍ ለጫፍ ሲጋጠም ሁለት አፍ ተያይዞ ይከፈታል፤ ውኃው በመሐል ገብቶ ይቀመጣል። ጥርሱም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስ በሰያፍ ስለተቆረጠ ሁለቱም ጎኑ አፍ ነው፣ ጠፈጠፉ ደግሞ ተሰብስቦ የሚንጠለጠለው ጫፉ ላይ ነው። 32 ሜትር ክፈፍ በየ10 ሴንቲሜትሩ አንድ ጥርስ ቢኖረው 320 ጥርስ ይሆናል፤ ቀለም ቀቢ ከታች ቆሞ ፊቱን ብቻ ሲቀባ 640 አፍ ሳይቀባ ይቀራል። በሲሚንቶ የተቀበረው የመስኮት ሽፋን ደግሞ አፉን ስፖንጅ ላይ እንዳስቀመጡት ቁጠሩት። የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ሲሠራ ግድግዳው ጭቃ ስለነበረ ጣውላው ከምርጊቱ በላይ ነበር፣ ሲሚንቶው ነው መጥቶ የቀበረው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ጤነኛውን 21 ሜትር አይንኩት፤ የ1958 ጥድ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ከተከበበው ቦታ ግራና ቀኝ ጤነኛ እንጨት ውስጥ 15 ሴንቲሜትር ያህል አልፈው ይቁረጡ፤ ቆረጣው ቀጥ ያለ ሳይሆን በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይሁንና አዲሱ ጣውላ በአሮጌው ላይ ይደረብ። የመጋጠሚያው ቦታ ሁልጊዜ ወራጅ ላይ ይረፍ፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ መጋጠሚያ ይከፈታል። የቆርቆሮው ጠርዝ ከፋሻው ፊት ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ወጥቶ አሸንዳው ላይ መንጠባጠብ ይኖርበታል። አሁን ያለው ቆርቆሮ አጭር ከሆነ በሥሩ የታጠፈ ላሜራ ማስገባት ይቻላል፤ ቆርቆሮ አጣፊው ወንድማችን እዚህ ላይ እንጀራ አለው።

ጣውላው ሲነቀል የወራጆቹን ጫፍ በወስፌ ይፈትሹ። የላላ ካገኙ ሙሉውን ወራጅ መለወጥ አያስፈልግም፤ የበሰበሰውን ቆርጠው ከጎኑ አንድ ሜትር ያህል አጋር እንጨት በብሎን ያስሩለት።

የመስኮቱን ሽፋን ደግሞ ከታች ያሳጥሩት። በጣውላው ጫፍና በልስኑ መካከል አንድ ጣት ክፍተት ይኑር። ከሥሩ ያለው ደፍ ወደ ውጭ ዘንበል ያለ፣ ከሆዱም ለርዝመቱ ቀጭን የመጋዝ ቦይ የተሳበበት ይሁን፤ ውኃ ወደ ኋላ ሲሳብ ያ ቦይ ላይ ደርሶ ይወድቃል።

ሰሜን ሸዋ ቤቶች (የካቲት 10)

አሁን በዚህ ዘመን ጥርስ የሚያስቆርጥ አለ? በፒቪሲ አልብሰው ቢገላገሉስ?

ጣርማበር ላይ (የካቲት 10)

እናታቸው ጥርሱ እንዲጠፋ እንደማይፈልጉ ጽፈዋል። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በዚያ ላይ በእኛ ከፍታ የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ውርጭ ርካሹን ፒቪሲ በጥቂት ዓመት ያጠነክረዋል፤ ከጠነከረ በኋላ በረዶ ሲመታው ይሰነጠቃል።

የበሬሳ ልጅ (የካቲት 11)

ጋሼ መሮና መዶሻ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቆርቆሮው ነገር ለ20 ዓመት ከዓይኔ ሥር እያለ አላየሁትም ነበር። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የእንጨቱ ዓይነት ነው። መሰንጠቂያ ቤት ያለው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ የፈረንጅ ጥድም አልፎ አልፎ ይገኛል። አንድ ሰው ደግሞ የሐበሻ ጥድ በሌሊት ላመጣልህ እችላለሁ ብሎኛል።

ከወፍ ዋሻ ሥር (የካቲት 11)

በሌሊት የሚመጣውን ጥድ ይተዉት። እኔ የምኖረው በአንኮበር በኩል ከወፍ ዋሻ ደን ሥር ነው፤ በሌሊት የሚወጣው ጥድ ከየት እንደሚወጣ የምናውቀው እኛ ነን። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከከለከለ ቆይቷል፤ ኋላ የመጡት አዋጆችም ያለ ፈቃድ ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን አልፈቀዱም። ለ11 ሜትር ፋሻ የቆመ ዛፍ አይውደቅ።

የሐበሻ ጥድ ከፈለጉ ከሚፈርስ አሮጌ ቤት ይግዙ። ልማት በደረሰበት ሠፈር ሁሉ የድሮ ቋሚና ማገር እየተነቀለ ለማገዶ ይሸጣል፤ ላዩ ጠቁሮና በሚስማር ተበሳስቶ የማይረባ ቢመስልም፣ ለሁለት ሲሰነጠቅ ልቡ ቀይ ሆኖ ሽታው ቤቱን ይሞላል። ሲመርጡ ቀዩን የልብ ክፍል ብቻ ይያዙ፤ በዙሪያው ያለው ነጩ ክፍል ከሌላ እንጨት ምንም ያህል አይሻልም። ሚስማር በሙሉ መነቀሉን ሳያረጋግጡ መጋዝ አያስገቡበት።

መሮና መዶሻ (የካቲት 12)

ከወፍ ዋሻ ሥር የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን የማስቀድመው ከፈረሰ ቤት የተገኘውን ጥድ ነው። ካልተገኘ ሁለተኛው ምርጫ የፈረንጅ ጥድ ነው። ለመላጊያ ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም፣ በደንብ ከተቀባ ለክፈፍ ይበቃል።

ባሕር ዛፍን የምንቀው አይደለም፤ ደብረ ብርሃንን አቁሞ የያዘው እርሱ ነው። ነገር ግን ለቀጭን ጣውላ ይፈትናል። በእኛ ደጋ የሚበቅለው ነጭ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ ትናንት ተሰንጥቆ ዛሬ የተመታ ጣውላ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ጎራዴ ይጎብጥና ሚስማሩን ይዞ ይነሣል። ከእርሱ ሌላ ካላገኙ፣ የተሰነጠቀበትን ቀን ይጠይቁ። 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ብቻ እንዲደርቅ አንድ ዓመት ይሰጠው የሚባለው የቆየ የሙያ ልማድ ነው፤ የእኛ በጋ ነፋሱና ድርቀቱ ስለሚያግዝ ሊያጥር ይችላል። በጥላ ይደርድሩት፤ በየድርብርቡ መሐል እኩል ውፍረት ያለው ዘንግ በየ50 ሴንቲሜትሩ ያስገቡ፤ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፤ የጣውላዎቹን አፍ ወዲያው ቀለም ይቀቡት፣ አለዚያ ከአፉ ፈጥኖ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ ምልክት አድርገው በየሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ሮቢት ቆላው (የካቲት 12)

ደገኞች ሻጋታ ይበላብናል ስትሉ እንቀናለን። እዚህ ሸዋ ሮቢት ፋሻ እስኪበሰብስ የሚቆይ ቤት ብርቅ ነው፤ ምስጡ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ለቆላ አንባቢዎች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ምስጥ ወደ ፋሻው የሚወጣው በግድግዳው ላይ ጭቃ መንገድ እየሠራ ነውና፣ ያንን መንገድ በየወሩ እየፈለጉ ማፍረስና ከየት እንደተነሣ መከተል ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል።

ቀለም ቀቢዋ (የካቲት 14)

ስለ ቀለሙ ሰው ያልነካው ነገር ስላለ ልጻፍ። ከ15 ዓመት በላይ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ቀለም ስቀባ ኖሬያለሁ።

በ1958 የተሠራ ቤት የመጀመሪያው የዘይት ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው እንደሚችል ገምተው ይሥሩ። አሁን በአገራችን የሚሸጥ ቀለም ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው ደንብ ወጥቶለታል፤ የድሮው ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት፣ በእሳትም አያላልጡት፤ አቧራውና ጢሱ ነው የሚመርዘው። በውኃ እያራሱ በመፋቂያ ይፋቁት፣ ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፉ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ሕፃናትንና ዶሮዎችን ያርቁ። የተፋቀውንም ሰብስበው ጓሮ አትክልት ላይ አይድፉት።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ የተነቀለው ጣውላ ነው። በየሠራሁበት ቤት የማየው ይህንን ነው፤ ፋሻው ከወረደ በማግስቱ ተፈልጦ ምድጃ ሥር ይገኛል፤ እንጀራ ይጋገርበታል፣ አመዱም ዕቃ ይታጠብበታል። እባክዎን ቀለም የነካው ጣውላ ወደ ማድቤት እንዳይገባ ለእናትዎም ለሠራተኞችም ይንገሩ።

ወደ አቀባቡ ስመለስ፣ አዲሱ ጣውላ ከመመታቱ በፊት መሬት ላይ እያለ ፊቱም፣ ጀርባውም፣ ሁለቱም ጠርዙ፣ ሁለቱም አፉ የመሠረት ቀለም ይጠጣ። አፉንና ጥርሶቹን በአኳራጅ ትንሽ በቀጠነ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ የመጀመሪያው ጠልቆ ይገባል፣ ሁለተኛው ይዘጋል። አናጺው ላይ ሆኖ ባሳጠረ ቁጥር አዲስ አፍ ይከፈታልና፣ ቀለሙና ብሩሹ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ከተመታ በኋላ ሁለት እጅ የውጭ የዘይት ቀለም ይበቃል። የሚስማር ራስ ለመድፈን ለውስጥ ግድግዳ የሚሸጠውን የዱቄት ስቱኮ አይጠቀሙ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ይሟሟል። በመጋዝ ብናኝና በነጭ ኮላ የሚሠራውም ያው ነው። የመስተዋት ማጣበቂያ የዘይት ስቱኮ ይሻላል።

ሰዓቱንም ያስተውሉ። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋት ጤዛ አለ። ጣውላው በእጅ ሲነካ ደረቅና ለብ ያለ እስኪሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሦስት ሰዓት፣ አይጀምሩ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላም አይቀቡ። አመሻሽ ላይ የተቀባ ቀለም ብርዱ ሲይዘው ይደበዝዛል፣ ቶሎም ይላላጣል።

ሰሜን ሸዋ ቤቶች (የካቲት 14)

እትዬ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባስ? አጥር ላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

ቀለም ቀቢዋ (የካቲት 15)

ለአጥር ሲቀቡት አያለሁ፤ ለቤት ግን አልመክረውም። ከሥሩ የጠጣው ዘይት ዓመት ሙሉ ሲያወጣ ስለሚኖር ከላዩ ቀለም አይይዝም፣ ልስኑንም ያጠቁራል፣ በውስጡ ያለውም ብረታ ብረት ለጤና አይበጅም። ቀለም ሳይሆን እንጨቱ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው የተፈላ የተልባ ዘይት ይቀባ፤ በየዓመቱ መታደስ አለበት እንጂ ጥሩ ነው። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

የበሬሳ ልጅ (ሚያዝያ 28)

ለረጅም ጊዜ ስለጠፋሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በልጉ ሁለት ጊዜ አቋረጠን እንጂ ሥራው አልቋል።

ጥዱን ከፈረሰ ቤት አገኘነው፤ አራት ቋሚ ገዝተን አሰነጠቅን። ከአንደኛው ውስጥ መጋዙ ራሱ ያገኘው አንድ የተረሳ ሚስማር ነበር፤ የመሰንጠቂያ ቤቱ ሰው የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ከአራቱ ቋሚ ቀዩ ልብ ብቻ ሲመረጥ 9 ሜትር ጣውላ ወጣ። የቀረውን 2 ሜትር ዝናብ በማይመታው ጓሮ በኩል በፈረንጅ ጥድ ሞላነው።

ለጥርሱ ከአሮጌው ጣውላ ጤነኛ ሆኖ የተረፈውን አንድ ክንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያውን ሳልኩ። ያኔ ነው ጥርሶቹ እኩል እንዳልሆኑ ያየሁት፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጫፉ ወደ ግራ ያዘነበለ። የቆረጣቸው አናጺ በዓይኑ ነበር የሚለካው። አሁን የሠራው ልጅ እኩል ላድርጋቸው ብሎ ነበር፤ እናታችን ወንበር አስወጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሲያዩ ስለነበር፣ የቆየው ጎን ጥርሱ የተዛባ ሆኖ አዲሱ የተስተካከለ ከሆነ ያስታውቃል ብለው እንደ አሮጌው አስቆረጡት።

አንድ ስሕተት ሠርተናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጣውላዎች ሚስማሩን ቀድመን ሳንበሳ ስንመታ፣ ደረቁ ጥድ ከጫፉ እስከ ክንድ ድረስ ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ቀድመን፣ ባለ 7 ሴንቲሜትር ዚንክ የተነከረ ሚስማር በየወራጁ ሁለት ሁለት መታን። የወራጆቹ ጫፍ ሲገለጥ ሁለቱ ብቻ ላልተው ተገኙ፤ በተነገረኝ መሠረት አጋር ታስሮላቸዋል። በምዕራብ በኩል ያለው የቆርቆሮ ጠርዝ በላሜራ ረዝሟል። የተነቀለው ጣውላም ማድቤት አልገባም፤ ይህን ማስከበር ግን ከአናጺነቱ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

መሮና መዶሻ (ሚያዝያ 28)

ደስ ይላል። ያልተቀየረው 21 ሜትር ላይ ያለው የቀድሞው ቀለም ከሆነ የተላላጠውን ፍቀው ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀቡት። ደግሞም የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቤት ውስጥ አይቀመጡ፤ ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ውኃው በየት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ከደረቀ በኋላ መገመት ይበዛል።

የበሬሳ ልጅ (መስከረም 9)

እንኳን አደረሳችሁ። በሐምሌ ሁለት ጊዜ፣ በነሐሴ አንድ ጊዜ ጃንጥላ ይዤ ወጥቻለሁ። ምዕራቡ ጎን ውኃው ከላሜራው ጫፍ እየተወረወረ አሸንዳ ውስጥ ይገባል፤ ጣውላው ላይ የሚደርሰው ነፋስ የሚያመጣው ብቻ ነው። በሰሜን ምዕራቡ ማዕዘን ግን አሸንዳው ሲሞላ ወደ ኋላ እየተረፈ፣ በፋሻው ጀርባ ወርዶ በመጨረሻዎቹ አራት ጥርሶች በኩል ይወጣል። መሰላል አቁሜ ባየው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቱቦውን ዘግቶታል፤ ቅጠሉ ከተጠረገ በኋላም አሸንዳው ወደ ቱቦው ሳይሆን ወደ ማዕዘኑ ያዘነበለ መሆኑን በውኃ ልክ አረጋገጥኩ። በ10 ሜትር ውስጥ 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይወርዳል።

አራቱን ጥርሶች ዛሬ ጠዋት በወስፌ ሞከርኳቸው፤ ወስፌውን መለሱት። ቆርቆሮ አጣፊው በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ አሸንዳውን ሊያነሣልኝ ቀጠሮ ይዘናል። እናታችን ግን ጣሳ አምጥተው ከአራቱ ጥርሶች ሥር አስቀምጠዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ማን ቀድሞ እንደሚሞላ እየተወራረዱ ነው።